ከንጉሡ ራስ ጀርባ ያለው ወርቅ

ሰው ሃምሳ ዓመት ሲጠጋ ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይ ጾም ያበዛል፣ ወይ ስለ ደም ግፊቱ ማውራት ይጀምራል። እኔ የጥንት ሮማውያን ሳንቲም መሰብሰብ ጀመርኩ።

ሰበታ በተከራየነው ቤት፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ባለቤቴ «የዝገት ሆስፒታል» ያለችው ጠረጴዛ አለኝ። ላዩ ላይ የማር ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ጠርሙሶቹ ውስጥ የባትሪ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የኖሩ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ የነሐስ ሳንቲሞች ተነክረዋል። የባትሪ ውሃ የምለው ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን፣ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀውን ንጹሕ ውሃ ነው። የቧንቧችን ውሃ ለሳንቲም አይስማማም። ለሰው ይስማማል ተብሏል።

ሳንቲሞቹን የሚልክልኝ አውሮፓ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው። እዚያ ተራ የሮማ ነሐስ ሳይታጠብ በከረጢት ሆኖ በሕጋዊ ሱቅ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከአንድ ጥሩ ምሳ አይበልጥም። ለሳምንታት እነክራቸዋለሁ፣ ውሃቸውን እቀይራለሁ፣ አፈሩ ሲላላ በመፋቂያ እፍቃቸዋለሁ። በጥርስ መፋቂያ፣ አዎ። ብረት ሳንቲሙን ይቧጭረዋል፤ የወይራ መፋቂያ ግን ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስ ቆሻሻውን ብቻ ያነሣል። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ለዚህ ሥራ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ሲንከራተቱ አንብቤ ገርሞኛል። እኛ ዘንድ ታክሲ ተራው ላይ በእስር ይሸጣል።

ይህን ያልሞከረ ሰው ደስታውን አያውቀውም። ጠርሙሱ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የደረቀ ጭቃ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን አውጥተህ ስትፍቀው መጀመሪያ ጉንጭ ይወጣል። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ የዘውዱ ዕንቁዎች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ፊደል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እና በድንገት ያ ጭቃ ስም ያለው ሰው ይሆናል! አንድ ቀን እዚህ ላይ ስደርስ ጮኼ ኖሮ ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንክ?»

«ቄሳሩን አገኘሁት!»

«እኔ ደግሞ ተቃጠልክ ብዬ!» አለችና ወደ ወጧ ተመለሰች።

ከሁሉ የምወደው አንድ ዓይነት ሳንቲም አለ። በአንድ ፊቱ አንድ ወታደር ከፈረሱ የወደቀ ጠላቱን በጦር ይወጋል፤ ዙሪያውን «የደስታ ዘመን ተመለሰ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። የታሪኩ ጣዕም ያለው ግን ሳንቲሞቹን በዘመን ቅደም ተከተል ስትደረድራቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ናቸው። ቀጥለው የመጡት ያንሳሉ። የመጨረሻዎቹ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ናቸው፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው፤ የደስታ ዘመን ተመለሰ። ከእነዚህ በፊት የነበሩ ቄሳሮች ደግሞ ነሐሱን በስሱ ብር እየለበጡ ብር ነው ብለው ለሕዝባቸው ያድሉ ነበር። ብሩ ኪስ ለኪስ ሲፈተግ ይለቅና ቄሳሩ ከነነሐሱ ይቀራል። ይህን ሁሉ በመዳፍህ ይዘህ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ለወዳጆቼ ሳስረዳ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው የሰማኝ የለም። ሁሉም መሀል ላይ አቋርጠው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«የራሳችን የአክሱም እያለ ለምን የሮማ?»

መልሴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የአገራችን ጥንታዊ ሳንቲም ቅርስ ስለሆነ ቦታው የእኔ የማር ጠርሙስ አይደለም። ይህ ትክክለኛና ሕጋዊ መልስ ነው። ሁለተኛው፣ እውነተኛው፣ እልህ ነበር። ሁሉም ሰው አድርግ ያለኝን ነገር ማድረግ አልወድም። ስለ አክሱም ሳንቲሞች ግን ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩት ለክርክር እንዲመቸኝ ነው።

ይህን ጥያቄ በየጊዜው ከሚያነሡብኝ አንዷ የባለቤቴ አክስት ነበሩ። ቡራዩ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቱቦ፣ ቀለም። አባታቸው ከአክሱም አካባቢ የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ንግዱን ከአባታቸው ወረሱ። እትዬ እላቸዋለሁ። በስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ እንደ ጠላት ይጠላሉ። አንድ አከፋፋይ ዝገቱ በቀለም የተሸፈነ ቱቦ ይዞ ቢመጣባቸው ቱቦውን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው፣ «ይሄን ለእናትህ ሽጥላት» ብለው እንደመለሱት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን ደግሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዝገት ከፈለግህ እኔ ጋ ና፤ በኪሎ እሰጥሃለሁ፤ የቤት ሰው ስለሆንክ ትራንስፖርቱን ችዬ» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ና እስቲ» አሉኝ። «ያንን ማያህን ይዘህ ና።»

ማያ ያሉት አጉሊ መነጽሬን ነው። እሳቸው መነጽሬን በስም ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ስለሆነ አልጠየቅሁም፤ ተነሣሁ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በሳንቲም ጠርዝ ላይ እንዳለ ጽሑፍ ከበዋት ይኖራሉ፤ እርስ በርስ ግን ብዙም አይጠያየቁም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው መሀል ከተማ ገብቶ፣ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ መውጣት አለበት። ሦስት ታክሲ ቀይሬ ቡራዩ ስደርስ እትዬ ከባንኮኒያቸው ኋላ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጎረቤታቸው ወርቅ ሠሪው ቆሟል፤ በሥራው የተመሰከረለት፣ ምላሱ ከመዶሻው የማያንስ የቡራዩ ልጅ።

«አካም ኦቦ!» አለኝ። «የዝገት ዶክተር መጣ፤ በሽተኛው እዚህ ነው።»

እትዬ አልሳቁም። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ።

ሱሉልታ ያለችው ልጃቸው ምጥ ሲጠናባት፣ ሐኪሞቹ ውጭ ጠብቁ ሲሏቸው፣ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ተስለዋል። «እመቤቴ፣ ልጄን በሰላም ካገላገልሽልኝ የአባቴን ወርቅ አገባልሻለሁ» ብለው። የአባታቸው ወርቅ አባታቸው በትንሽ ቆዳ ሰፍተው የተዉላቸው፣ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያለ አንድ ሳንቲም ነው። ከዝናብ በኋላ እርሻ ላይ ያገኙት ነው ይባላል። ቆዳውን ፈትቶ ያየው ሰው አልነበረም፤ አባታቸው ወርቅ ነው ካሉ ወርቅ ነው። ልጃቸው በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ልጃቸው ሰፈር ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ስለቀረበ እትዬ ስለታቸውን ሊያገቡ ቆዳውን ፈቱት። ከውስጡ የወጣው ግን ወርቅ አልመሰላቸውም፤ ለወርቅ ሠሪው ሰጡት።

«ነሐስ ነው፣ ኦቦ» አለኝ ወርቅ ሠሪው። «ላዩ ላይ ትንሽ ቅብ አለው። እኔ ምን አልኳቸው፣ አንዴ ሙሉውን ወርቅ ልቀባላቸውና ቀሪው በእግዜርና በእኔ መሀል ይሁን። ማን ያውቃል?»

«እመቤቴ ታውቃለች!» አሉ እትዬ፣ ባንኮኒውን እየመቱ። ከዚያ ድምፃቸው ወደቀ። «ወርቅ ብዬ ነው የተሳልኩት። እሷ የልጄን ነፍስ ሰጠችኝ፤ እኔ በቅብ ልሸውዳት? ስለቴ እስኪገባ ብዬ ሕፃኗን እስከ ዛሬ አላቀፍኳትም። ገንፎውን አገነፋለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ልጅቷን ግን በምን እጄ ልያዛት?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህ ባንኮኒ ላይ ያለው የአንድ ሳንቲም ጉዳይ አልነበረም።

«አምጡት እስቲ» አልኩ።

ከጥጥ ውስጥ አወጡት። ትንሽ፣ ክብ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ የሚያበራ ነገር ነው። ከሚገባው በላይ የሚያበራ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በሎሚና በአመድ። ታዲያ ለእመቤቴ ከነእድፉ ልስጣት?»

ራሴን ያዝኩ። ጥንታዊ ሳንቲም በሎሚና በአመድ ማሸት ማለት የአያትን ፎቶግራፍ በኦሞ እንደማጠብ ነው። ግን ምን ልበላቸው? ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባ ነገር ታጥቦ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ?

«ጠርዙን ደግሞ እኔ ትንሽ ሞረድኩት» አለ ወርቅ ሠሪው። «ውስጡን ለማየት።»

«ሞረድከው?»

«ትንሽ ነው እኮ፣ ኦቦ። አልሞተም።»

ሁለቱንም ሰድቤ ልወጣ ስል ዓይኔ ሳንቲሙ መሀል ላይ አረፈ። ወጥቼ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አንድ ሰው ነው፣ በጎኑ የሚታይ። ራሱ ላይ ዘውድ የለም፤ ሻሽ የሚመስል፣ ከኋላው የተቋጠረ ጨርቅ ነው። ሮማ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቄሳር የለም። በዙሪያው የግሪክ ፊደል ይታያል፤ የአክሱም ነገሥታት ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር ስለሚገበያዩ በግሪክ ፊደል ያስጽፉ ነበር። ከሰውዬው ራስ ጀርባ ደግሞ፣ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ፣ በሎሚውና በአመዱ ተፈትጎ ግማሹ የጠፋ ቢጫ ነገር አለ።

ይህን ነገር አንብቤዋለሁ! ለክርክር ብዬ፣ ሰውን ለማብሸቅ ብዬ አንብቤዋለሁ! አንዳንድ የአክሱም ነገሥታት የነሐስ ሳንቲማቸውን ካተሙ በኋላ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ብቻ፣ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ብቻ፣ በእጅ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በየአንዳንዷ ሳንቲም ላይ፣ አንድ በአንድ። በጥንቱ ዓለም እንዲህ ያደረገ ሌላ መንግሥት ስለመኖሩ ያነበብኩት የለም።

«ምንድን ነው? ምን አየህ?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

«አንድ ደቂቃ!»

«ፊቱ ጠቆረ» አለ ወርቅ ሠሪው። «በሽተኛው ነው ወይስ ዶክተሩ የሚሞተው?»

አልቸኩልም አልኩ ለራሴ። አክሱም አካባቢ ለቱሪስት የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ሞልቷል። የእትዬ አባት ግን ይህን ቆዳ የሰፉት ቱሪስት የሚባል ነገር በዚያ አካባቢ ሳይለመድ ነው ይባላል። ይባላል ደግሞ ማስረጃ አይደለም። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ከንጉሡ አንገት ሥር፣ ፊደሉ ጎን፣ አመዱ ያልደረሰበት ጥቁር አረንጓዴ ቅርፊት ቀርቷል። ወርቁ እዚያ ቅርፊት ጋ ሲደርስ የሚቆም ይመስላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይቆማል ወይስ ሥሩ ይገባል?

ማዶ መፋቂያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሮጬ አንዱን ገዛሁና እየሮጥኩ ማኘክ ጀመርኩ። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ተሰማኝ።

«ጥርሱን ሊፍቅ ነው እንዴ አሁን?» አሉ እትዬ።

ቅርፊቱን ከዳር ቀስ እያልኩ ነካካሁት። በሎሚ አጠቡት ብዬ የተበሳጨሁት ሰውዬ አሁን ራሴ እየፋቅሁ ነው፤ ግን እጄን ማቆም አልቻልኩም። የአንድ ሰናፍጭ ፍሬ ያህል ተነሣ። ከሥሩ ወርቅ አበራ። ደገምኩ። ሌላ ወርቅ። ንጹሕ፣ ያልተፈተገ፣ ትላንት የተለበጠ የሚመስል።

«ና እይ!» ብዬ ወርቅ ሠሪውን ጠራሁት። መነጽሬን አልተቀበለኝም፤ የራሱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ። ሳንቲሙን ወደ ፀሐይ እያዘነበለ ደጋግሞ አየው።

«ኦቦ» አለ በመጨረሻ፣ ቀልዱን ትቶ። «ወርቁ ከዝገቱ ሥር ነው የገባው።»

«ምን ማለት ነው?» አሉ እትዬ።

«ማለትማ፣ እናቴ፣ መጀመሪያ ወርቁ ተለበጠ፣ ከዚያ ዝገቱ በላዩ በቀለ። እኔ ወርቅ መለበጥ እችላለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝገት ማብቀል ግን አልችልም። ይሄ አፈር የሠራው ሥራ ነው።»

«ቀለም ቀብተው አረንጓዴ የሚያስመስሉም አሉ» አልኩ፣ ከራሴ ጋር ለመከራከር።

«ይህን ሁሉ አመድ ችሎ?» አለ። «ቀለም ቢሆን በእሳቸው ክንድ ሙልጭ ብሎ ይሄድ ነበር። ክንዳቸውን እይ እንጂ።»

የእትዬን ክንድ አየሁ። ሲሚንቶ የሚያነሣ ክንድ ነው። ያበሳጨኝ እጥበት ለካ ምርመራው ነበር፤ እሳቸው ሳያውቁ ሊፈትኑ የሚችሉትን ያህል ፈትነውታል። ስልኬን አውጥቼ ያስቀመጥኳቸውን የአክሱም ሳንቲም ፎቶዎች ከፈትኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስተያየሁ። አምስቱ ተነበቡ፣ ሁለቱ ተፍቀው ጠፍተዋል፣ ሌሎቹ ቢደበዝዙም ከፎቶው ጋር ገጠሙ። ሮማውያኑ «የደስታ ዘመን ተመለሰ» ብለው በሚፎክሩበት ዘመን ግድም የእኛ ሰውዬ ሳንቲሙ ዙሪያ ያስጻፈው፣ ሲተረጎም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ነበር። ደስ አሰኝቷል አላለም። ደስ ያሰኝ! ቡራዩ መንገድ ዳር ቆሜ፣ የሲኖትራክ ጭስ እየታጠንኩ፣ እንባዬ መጣ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ብዬ ነው።

ተመልሼ ገባሁና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በሕይወቴ ስለ ሳንቲም እስከ መጨረሻው የሰማኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ስለዚህ ወርቅ ነው፣ አይደለም?»

«አይደለም። ነሐስ ነው። ከራሱ ጀርባ ያለው ብቻ ነው ወርቅ።»

ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «እኔ ወርቅ ብዬ ነው የተሳልኩት። የንጉሥ ቅብም ቅብ ነው።»

ይህን ስሰማ እዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያነበብኩት ሁሉ ለአንድ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። «እትዬ» አልኳቸው፣ «የሮማ ቄሳሮች ነሐሱን ሙሉውን በብር ይለብጡት ነበር። ለምን? ነሐስ መሆኑ እንዳይታወቅ። ይሄ ንጉሥ ግን ነሐሱን ገልጦ ትቶታል። ሁሉም ሰው ነሐስ መሆኑን ያያል፣ ወርቁም የት እንዳለ ያያል። ሊያታልል የፈለገ ሰው ራሱ ጀርባ ብቻ ይቀባል? ለአንዲት የነሐስ ሳንቲም ብሎ፣ በእጁ፣ ይህን ያህል ይደክማል?»

እትዬ ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ሃያ ምናምን ዓመት ቱቦ በጥፍራቸው ሲፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የሚሸፍን ቀለምና የማይሸፍን ቀለም ልዩነቱን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«አልሸፈነውም» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሸፈነውም።»

«ይሄን ሙሉውን ብትቀባልኝ ኖሮ» አሉ ወደ ወርቅ ሠሪው ዞረው፣ «ያን ጊዜ ነበር ውሸት የሚሆነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ እናቴ! ላግዝ ብዬ ነው» አለ፣ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ።

እዚህ ላይ ታሪኬን ባቆም ጥሩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ግን ያን ሳንቲም ፈለግሁት። ስለ ቅርስና ስለ ሕግ ለሰው ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት ሰውዬ «እትዬ፣ ወርቅ ብለው መሳልዎ ካስጨነቀዎት፣ እኔ እውነተኛ ወርቅ ልግዛልዎትና ያንን ያግቡ፤ ይሄን ደግሞ እኔ…» አልኩ።

እትዬ ዓረፍተ ነገሩን እንድጨርስ ጠበቁኝ። አልጨረስኩትም።

«ልታስለውጠኝ ነው?» አሉ። «ከእመቤቴ ጋር?»

ወርቅ ሠሪው በአፍንጫው ሳቀ። እኔም ወሬ ለመቀየር ያህል ስለ ታክሲ ጠየቅሁ።

የንግሡ ዕለት ጠዋት ሱሉልታ ተገናኘን። ብርዱ ጥርስ ያማታል፤ በመንገዱ ዳር ሯጮች እንፋሎት እየተነፈሱ ያልፋሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነጭ በነጭ ሆኗል። ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ በስለት የገባው ዕቃ ሁሉ ጥላ ሥር ተደርድሮ ጨረታ ተጀመረ። ሰው የተሳለውን ያገባል፣ ሌላው ደግሞ ለበረከት ተጫርቶ ይገዛዋል። ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ አንድ ነጭ በግ፣ ሳጥኑ ያልተከፈተ ፍሪጅ። ማይክ የያዘው ሰውዬ ቀልደኛ ነው፤ በጉን፣ «ይሄ እንኳን ራሱን ችሎ ወደ ቤታችሁ ይሄዳል» እያለ ሸጠው።

እትዬ ሳንቲሙን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡት። ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በጫጫታው የሰማቸው አይመስለኝም።

«እልል በሉ!» አለ በማይኩ። «እናታችን ለእመቤታችን ጥንታዊ የወርቅ ሳንቲም አገቡ!»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የእትዬን ፊት አየሁ፤ ያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ እንደጠቆረው ጠቁሯል። በዚያ እልልታ ውስጥ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቃቸውም፤ ወርቅ ብለው ተስለዋል፣ ወርቅ ተብሎ ታውጆላቸዋል፣ አለቀ።

«ወርቅ አይደለም!» ብለው ጮኹ።

እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆራረጠ ቆመ።

«ምን አሉ፣ እናቴ?»

«ወርቅ አይደለም አልኩህ! ነሐስ በል!»

«ምንም አይደለም፣ እናቴ፣ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው…»

«ልቤን ካየማ እንደማልዋሽም ይይ! ነሐስ ነው። ወርቅ ያለው ከራሱ ጀርባ ብቻ ነው። እንደዚያ ብለህ ንገራት!»

ሰዉ ሳቀ። ማይክ የያዘው ሰውዬ ሳንቲሙን ገለበጠ፤ ግራ ገባው። «እንግዲህ… እናታችን ነሐስ አገቡ። ከራሱ ጀርባ ወርቅ ያለው ነሐስ። ከስንት ልጀምርላችሁ?»

«ቀዳዳ አበጅቼለት ለልጄ አንገት ይሆናል!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ሰው፣ እጁን አውጥቶ።

ቀዳዳ ሲል ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩ። እትዬ ክርናቸውን ጎኔ ላይ ሰኩብኝ።

«ተናገር እንጂ! ሱቄ ውስጥ ግማሽ ቀን ስትለፈልፍ አልነበር?»

እኔ ሰው በተሰበሰበበት የማልናገር ሰው ነኝ፤ ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ ያጠራጥረኛል። ግን ወጣሁ፣ ማይኩንም ተቀበልኩ። ስለ ንጉሡ ነገርኳቸው፤ ፊደሉን አነበብኩላቸው፤ ወርቁን ከዝገቱ ሥር እንዴት እንዳገኘነው፣ ሮማውያን በብር ምን ያደርጉ እንደነበር፣ አክሱም ከሮማ ጋር በምን ባሕር ትነግድ እንደነበር። አንዲት አሮጊት ከፊት ቆመው፣ «አጀብ ነው» ይሉ ነበር፤ ይበልጥ ሞቀኝ። ስለ ቄሳሮች የዘውድ ዕንቁ ስጀምር ባለማይኩ ማይኩን ከእጄ ወሰደው።

«ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ንግሥ» አለ።

ጥላው ሥር የተቀመጡት የደብሩ አለቃ፣ ሽማግሌ ቄስ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ተነሡ። «ይሄ ለጨረታ አይቀርብም» አሉ። «ዕቃ ቤት ይገባል። ለቅርስ ሰዎችም እናሳውቃለን፤ መጥተው ይመዝግቡት።» ወፍራሙ ሰው፣ «ነሐስ ነው ብላችሁ አልነበር እንዴ?» ብሎ ትንሽ አጉረመረመና ወደ ፍሪጁ ፊቱን አዞረ።

አለቃው ወደ እትዬ መጡ። እትዬ መስቀል ተሳለሙና፣ «አባቴ፣ ወርቅ ብዬ ተስዬ ነበር፤ ያለው ይሄ ሆነ» አሏቸው።

«አንቺ የተሳልሽው የአባትሽን ነው?»

«አዎ፣ የአባቴን።»

«ይሄ የአባትሽ ነው?»

«የአባቴ ነው።»

«ታዲያ ገብቷል» አሉና ሳንቲሙን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ዕቃ ቤት ይዘውት ሄዱ። ዓይኔ በሩ እስኪዘጋ ተከተለው። በዕድሜዬ ካየኋቸው ሳንቲሞች ሁሉ የሚበልጠውን በእጄ የያዝኩት በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያም ሆኖ ደስታዬ ገና አልበረደም ነበር። በጨረታ ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ የምደሰት አይመስለኝም። ይህን ስል ግን ሙሉ በሙሉ እመኑኝ አልልም።

ዞር ስል እትዬ የሉም። ነጠላቸውን በእጃቸው ሰብስበው፣ ጭቃውን እየዘለሉ፣ በሩን ወጥተው የልጃቸውን ቤት መንገድ ይዘዋል። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል እንደሚፈጥኑ አላውቅም ነበር፤ ሯጮቹ ካለፉበት መንገድ ዳር ሆኜ እያለከለክሁ ተከተልኳቸው።

ስደርስ እጃቸውን ታጥበው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ዘርግተዋል። ልጃቸው ሕፃኗን ሰጠቻቸው። ሕፃኗ መጀመሪያ ቅሬታዋን አሰማች፤ ከዚያ ያ ሲሚንቶ የሚያነሣ ክንድ ሲያቅፋት ፊቷን አያቷ ደረት ላይ ቀብራ ዝም አለች። እትዬ ጎንበስ ብለው ጠረኗን ሳቡ።

እኔ ገና ከማይኩ ትኩሳት አልወጣሁም። «እትዬ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ፤ ያ ንጉሥ እኮ በሳንቲሙ በሌላኛው ፊት ላይ…»

«ዝም በል አሁን» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኗ ሳያነሡ። «ልጅቷ ልትተኛ ነው።»